አራት ቀን በኪሴ የቆየው ፋክስ

ያን ጊዜ ዳላስ አጠገብ ባለችው ከተማ፣ ሜስኪት ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራ ነበር። አረጋውያኑን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። አገር ቤት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ላማርር ፈልጌ አይደለም፤ ሥራ ሥራ ነው። ይህን የማነሳው ማንበብና መጻፍ ላይ ለምን እንደምኮራ እንዲገባችሁ ነው። የሰው ወረቀት አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ «እስቲ አምጪው» እላለሁ። አፌም አያርፍም። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም ይኸው ነው።

ከሕንጻው በስተጀርባ ባለው ላውንድሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አንዲት የካምቦዲያ ሴት ትሠራ ነበር። ቁመቷ ከማድረቂያው ማሽን እምብዛም አይበልጥም፤ ቀጭን ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ትምህርት ቤት መግባት በነበረባት ዕድሜ አገሯ ላይ ያ ሁሉ እልቂት ወረደና የራሷን ፊደል እንኳ ሳትቆጥር ቀረች። ከስደተኛ ካምፕ ወደ ዳላስ ስትመጣ ይዛ የመጣችው ነፍሷን ብቻ ነው። እኔን «ቦንግ» ትለኛለች፤ በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ እንደ ተውሶ ጫማ ነበር፤ አንዱ ጋ ይሰፋል፣ አንዱ ጋ ይጠባል።

የተቀራረብነው በደብዳቤ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ፖስታ ይዛ መጣችና «ቦንግ፣ አንብቢልኝ» አለችኝ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። የጻፈችውም በጓደኛዬ የትውልድ ከተማ የምትሠራ ጣሊያናዊት መነኩሴ ናት፤ ሙያዋ ነርስነት ነው። እኔም እንደ ድሮዬ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት እንዳለሁ ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ «እህትሽ ሞታለች» ይላል። ያለ ምንም መግቢያ፣ ያለ ምንም ማለሳለሻ፣ «ዳይድ» ብላ ቁጭ! ምን እንዳነበብኩ የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ጓደኛዬ ገና ከማድረቂያው በወጡት ትኩስ አንሶላዎች መሀል ቀስ ብላ ተቀመጠች። ማሽኖቹ ብቻ ይሽከረከራሉ።

አፈር በበላሁ! መርዶ እንዲህ ይነገራል? እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት በአምስተኛው ወር ነው። ሴቶቹ ማልደው መጥተው በሬን አንኳኩ፤ ገና ሲገቡ ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። ስወድቅ የሚይዙኝ ስምንት እጆች ነበሩ። አምስት ወር ሙሉ አውቀው ዝም ማለታቸው ቢያንገበግበኝም ለእኔ አስበው እንደሆነ አልጠፋኝም። ይህቺ ምስኪን ግን የእህቷን ሞት ላውንድሪ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ አፏ ከማያርፈው ከእኔ ሰማች። ዳግመኛ እንዲህ አላደርጋትም ብዬ በልቤ ማልኩ።

የሞተችው እህት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትታ ነበር። ልጅቱ የቀረችው ከእንጀራ አባቷ ጋር ነው። በዚያ አካባቢ ደላሎች በየመንደሩ እየዞሩ «ከተማ ሥራ እናስገባታለን» እያሉ የድሃ ሴት ልጆችን ወደ ድንበሩ ይወስዳሉ። ዕድል የቀናት የሰው ቤት ሠራተኛ ትሆናለች፤ የሌሎቹን ግን መናገር አልፈልግም። እንጀራ አባትየው ከአንዱ ደላላ ጋር መነጋገር መጀመሩን መነኩሴዋ ጻፈችልን። ጓደኛዬ ይህን በሰማች በሦስተኛው ቀን መጥታ «ቤት እከፍታለሁ» አለችኝ።

«የምን ቤት?»

«ሴት ልጆች የሚተኙበት። ማንም መጥቶ የማይወስዳቸው።»

ሳቄ መጣ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የራሷ ቤት ኢስት ዳላስ ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ናት። እሷ ግን የምሯን ነው። የእህቷን ልጅ ብቻ ብታስጠጋ ጎረቤት ያሉት ልጆችስ? መነኩሴዋ አሥራ አንድ ልጆች ቆጥራ ላከችልን። ከእህቷ ልጅ ጋር አሥራ ሁለት ሆኑ። እዚያው አገሯ፣ ወንዝ ዳር ያለ፣ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ቤት ተገኘ። ጓደኛዬ በጥር ሄዳ ልትከፍተው ተወሰነ። እስከዚያ የእህቷ ልጅ በመነኩሴዋ ዓይን ሥር እንድትቆይ ተስማማን።

ያ ዓመት የዝግጅት ዓመት ነበር። ደብዳቤና ፋክስ የምጽፈውም የማነበውም እኔ ነኝ። ፋክሱ የሚገባው በመጦሪያ ቤቱ ማሽን ነው፤ እንግዳ ተቀባይዋ ደግ ሴት ስለነበረች እየቀደደች ታስቀምጥልኝ ነበር። ጓደኛዬ የምታስጽፈኝ ነገር አንዳንዴ ያስገርመኝ ነበር። ስለ ጣሪያው አትጠይቅም፣ ስለ ወጥ ቤቱ አትጠይቅም፤ «የበሩ መቀርቀሪያ ከውስጥ ይሁን» ነው የምትለው። ሦስቴ አስጻፈችኝ። በሦስተኛው «ኧረ ሰምተዋል፣ እንደ ደንቆሮ አታድርጊያቸው» ስላት፣ «ቦንግ፣ እኔ የተቆለፈብኝ ሁሌ ከውጭ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜም ብታስጽፈኝ ቃል አልተነፍስም ነበር።

ልጆቹ ማንበብ ስለማይችሉ ስማቸውን አልጋቸው ላይ ብንጽፍ ዋጋ የለውም። ጓደኛዬ ይህ ገብቷት ለእያንዳንዷ የትራስ ልብስ ላይ ሥዕል በክር መጥለፍ ጀመረች፤ ለአንዷ ማንጎ፣ ለአንዷ ዓሣ፣ ለአንዷ ጃንጥላ። ለእህቷ ልጅ ዳክዬ ነበር፤ በእጃችን ባለችው አንዲት ፎቶ ላይ ልጅቱ ዳክዬ አቅፋ ስለቆመች። ኦፍ በሆንን ቀን ሁሉ እኔ ቤት፣ ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጠን እንሰፋለን። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሴቶችም እየመጡ ያግዙን ነበር። ከሁሉም የሚብሱት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ነበሩ። ሳክሲ በምትባል የዳላስ ዳርቻ ከተማ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ቤት ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጠው የሚያዩት የጎረቤት ሣር ሲታጨድ ነው። ሥራ እንዳለ ሲሰሙ ልጃቸውን አስነድተው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው የዓሣውን ጥልፍ አገላብጠው አዩና «ይኼ ዓሣ ነው ጫማ?» አሉ። ጓደኛዬ ያሉት ሳይተረጎምላት ገብቷት አፏን ሸፍና ሳቀች።

ኅዳር ላይ የእህቷን ልጅ አመማት። «ትኩሳት ይዟታል፤ ክሊኒክ አስተኝቻታለሁ፤ አትጨነቁ» የሚል ፋክስ መጣ። ላነብላት ይገባ ነበርና አነበብኩላት። ጓደኛዬ የዳክዬዋን ጥልፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጇ አልለየችውም።

ከሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሌላ ፋክስ መጣ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። አምስት መስመር ብቻ ነው፤ ቃል በቃል እነግራችኋለሁ፤ ዛሬም አልረሳሁትም። «በታላቅ ሐዘን እጽፋለሁ። ሰኞ ዕለት ትንሿን ክሊኒኩ ውስጥ አጣናት። እኔ መድኃኒት ለማምጣት ለጥቂት ጊዜ ወጥቼ ነበር። ይቅር በሉኝ። በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ።»

እንግሊዝኛው «ሎስት» ነው የሚለው። በምሠራበት ቤት ይህ ቃል በየሳምንቱ ይሰማል። አንዲት አሮጊት ሲያርፉ ነርሷ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሎስት አደረግናቸው» ትለናለች፤ አልጋውን ሄደን እናነሳለን። በአማርኛም ቢሆን ያው ነው፤ ልጁ የሞተበት ሰው «ልጄን አጣሁ» ይላል። ትኩሳት፣ ክሊኒክ፣ ሐዘን፣ ይቅርታ። ሌላ ምን ይሆናል? ክው አልኩ። ከዚያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ጓደኛዬ ከላውንድሪው በር ላይ ሆና አየችኝ። «ፋክስ መጣ?» አለች።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኳት። ዓይኗን እያየሁ! እኔ፣ ውሸታም ተማሪ ከሩቁ የማውቀው ሴትዮ።

ማታ ለእትዬ ኮል አደረግኩላቸው። ስነግራቸው ስልኩ ላይ አለቀሱ፤ አይተዋት የማያውቋትን ልጅ «ወይ ልጄን፣ ወይ የኔን ዳክዬ» እያሉ። ካለቀሱ በኋላ ግን ነገሩን በእጃቸው ያዙት።

«ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም፣ እትዬ።»

«ደግ አደረግሽ! በሥራ ላይ፣ ብቻዋን፣ ማን ይዟት? እሁድ ሥራ የላትም። ማልደን እንሄዳለን። እስከዚያ በደንብ አብያት፤ ከተረዳች በኋላ እህል አትቀምስም።»

«ፋክሱ ደውሉልኝ ይላል፣ እትዬ።»

«መነኩሴዋ ልታጽናና ነው እንጂ ሌላ ምን ልትል? ትቆይ።»

እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበርና ቆየሁ። በእትዬ ማሳበብ አልፈልግም። የላውንድሪው ነገር ውስጤ ቀርቶ ነበር፤ አሁን በደንብ ላደርገው ነው፣ እንደ ወግ እንደ ማዕረጉ። ሐሙስ ዶሮ ሠርቼ ይዤላት ሄድኩ። ዓርብ ምሳዬን ለሁለት ከፍዬ ትልቁን ለእሷ ሰጠሁ። ቅዳሜ እሷ ቤት ሄጄ አብሬያት ሰፋሁ። የዳክዬዋ አካል አልቋል፤ የቀረው ዓይኗ ብቻ ነው። ጥቁር ክር ስትመርጥ አየኋትና ውኃ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፎጣ አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ።

እሁድ ገና ሳይነጋ አራት ሴቶች ሆነን በአንዲት መኪና ሄድን። ፓርክ ካደረግን በኋላ ማንም ለመውረድ አልፈጠነም። እትዬ አማተቡና «በሉ» አሉ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደረጃውን ወጣን። አንኳኳሁ። በሩን ስትከፍት ፀጉሯ ተፈትቷል፣ በእጇ መርፌ ይዛለች፤ ሥራ በሌላት ቀን እንኳ ማልዳ ተነስታ ስትሰፋ ነበር።

አንዳችንም አፋችንን አልከፈትንም። ከእግራችን ጀምራ እስከ ራሳችን አየችን። በእሷ አገር ለሞተ ሰው ነጭ እንደሚለበስ እኔ በምን አውቄ! እኛ ለዓመት በዓሉም ለቤተ ክርስቲያኑም የምንለብሰው ነጠላ ነው። እሷ ያየችው ግን አራት ሴቶች በነጭ ተጠቅልለው ደጇ ላይ ሲቆሙ ነው። መርፌውን ጣለች። በጉልበቷ ወድቃ ሁለት መዳፏን ግንባሯ ላይ ገጠመች፤ ከዚያ ከሆዷ የወጣ ድምፅ ሰማሁ። እንዲያ ያለ ድምፅ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። እኛም የያዝነውን እንባ ለቀቅነው። እትዬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ጭንቅላቷን ታቅፈው «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» ይሏታል በአማርኛ። በእውነት እላችኋለሁ፣ በዚያች ሰዓት ልክ እንደሠራሁ ነበር የተሰማኝ። ስትወድቅ የሚይዟት እጆች ነበሩ።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ቀና አለችና «መቼ?» አለችኝ።

«ሰኞ።»

«ወረቀቱ የት አለ?»

ከቦርሳዬ አወጣሁት። ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ስለከረመ እጥፋቱ ላይ ሳስቷል። «አንብቢው፤ ቃል በቃል» አለችኝ። አነበብኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ዳይድ ይላል?»

«ሎስት ነው የሚለው። ያው ነው።»

«ያው አይደለም» አለች። እንባዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ነው፤ ዓይኗ ግን ደርቋል። «እህቴ ስትሞት ዳይድ ብላ ነው የጻፈችው። አንቺ ነሽ ያነበብሽልኝ። ያቺ ሴት ቃል አታሳምርም።»

እሷ ፊደል ያልቆጠረች፣ እኔ አስተማሪዋ! ስልኩን አነሳሁ። የስልክ ካርዱን ቁጥር ሁለቴ ተሳሳትኩ። እዚያ ማታ ሊሆን ነበር። መነኩሴዋ ራሷ አነሳችና ማን መሆኔን ስትሰማ ጮኸችብኝ። «አራት ቀን ሙሉ ስልኩ ሥር ተቀምጬ ነበር! የት ነበራችሁ?» አለች።

ልጅቱ አልሞተችም። መነኩሴዋ መድኃኒት ልታመጣ በወጣችበት ደቂቃ እንጀራ አባትየው አንድ ሰው ይዞ ገብቶ ከነትኩሳቷ ከአልጋዋ አንስቶ ወስዷታል። ጠፋችብን ማለቷ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ «አንቺ የውጭ አገር ሰው ነሽ፤ የሥጋ ዘመድ ያመልክት» አሏት። ያለችው የሥጋ ዘመድ ደግሞ ዳላስ ውስጥ ዶሮ እየበላች፣ የዳክዬ ዓይን እየሰፋች ነበር። እኔ ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል እያልኳት።

ስልኩን ሰጠኋት። በቋንቋዋ ከአንድ ሰው ጋር፣ ከዚያ ከሌላ ሰው ጋር ተነጋገረች፤ ድምፅዋ አንዴም አልተሰበረም። እኛ አራታችን በነጠላችን እንደተጠቀለልን ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል፤ የት እንደምንገባ ጠፍቶናል። እትዬ «ምን አለች? ምን አለች?» ይሉኛል። «አልሞተችም፣ እትዬ» ስላቸው እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የእኔን ፊት ሲያዩ መልሰው ዘጉት።

ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ እንኳ ደስ ባለኝ።

«አራት ቀን ደግ ሆንሽልኝ» አለች። «እኔ ደግሞ ቦንግ ዛሬ ምን ሆና ነው እንዲህ ደግ የሆነችው እያልኩ ደስ ብሎኝ በላሁ።»

ዛሬም ድረስ ከሁሉ የሚያመኝ ይህ ቃሏ ነው።

ለጥር የተቆረጠውን ቲኬት አስቀይረን ማክሰኞ በረረች። ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሻንጣዋ ውስጥ የከተተችው ከአሥራ ሁለቱ የትራስ ልብስ አንዱን ብቻ ነው፤ ዓይን የሌላትን ዳክዬ። በሩ ጋ «ይቅር በይኝ» አልኳት። «በኋላ» አለችና ገባች። አሥራ አንዱን ጨርሼ በፖስታ ላክሁ። ደረሰም አልደረሰም የሚል መልስ አልመጣም።

ሰባት ሳምንት ጠበቅኩ። እትዬ በየቀኑ ይደውሉ ነበር፤ «እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ» ይሉኛል፤ «የለም፣ እርስዎ እንግሊዝኛ አያነቡ፤ እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። በየጠዋቱ ሥራ ስገባ እንግዳ ተቀባይዋ ፊቴን አይታ ራሷን ትነቀንቃለች። ያን አራት ቀን ወረቀቱን ባልይዘው ልጅቱ ድንበሩን ሳትሻገር ትያዝ ነበር ወይ? ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ፈሪ ነኝ።

የካቲት ሲገባ አንድ ጠዋት አንዱን ሽማግሌ ቁርስ ሳጎርስ እንግዳ ተቀባይዋ እየሮጠች መጣች። ሮጣ አይቻት አላውቅም። ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ጽሕፈቱ የመነኩሴዋ ነው፤ ቃሉ ግን የማን እንደሆነ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳይ አወቅኩ። ከላይ በትልልቁ «ዛሬውኑ ስጧት። እሁድ እንዳትጠብቅ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፦

«ቦንግ። ተገኝታለች። ማለት፣ በሕይወት ናት። አሁን ከጎኔ ቁጭ ብላ ሩዝ እየበላች ነው። እስካሁን አልተናገረችም። የበሩን መቀርቀሪያ ከውስጥ ራሷ ዘጋችው።»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። «አንዴ ይቅርታ፣ አንዴ ብቻ» አልኳቸውና ከጎናቸው ካለው ስልክ ሳክሲ ደወልኩ። እትዬ ሲያነሱ ሰላምታ እንኳ አላልኩም፤ አምስቱንም ዓረፍተ ነገር አንድ በአንድ አነበብኩላቸው።